መሣሪያና ሠራዊት፤ ከሽምብራ ቁሬ እስከ ባድመ

የዐፄ ቴዎድሮስን ሴባስቶፖል፣ የዐድዋን ጠመንጃ፣ የማይጨውን የመርዝ ጢስ፣ የካራማራን ታንክ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ በየራሳቸው የጀግንነት ወይም የመከራ ታሪክ ሆነው፣ አንዱ ከሌላው ተለይቶ ስለሚነገር፣ ሁሉንም የሚያያይዘው ሐረግ ከዐይን ይሰወራል። ሐረጉም የመሣሪያው ነገር ነው፤ ይኸውም ወታደሩ በእጁ ምን ያዘ፣ የያዘው መሣሪያ በየትኛው በር ገባ፣ ጥይቱንና መለዋወጫውን የሚሰጠው ማን ነበር፣ መሣሪያውስ በተራው የሠራዊቱን አኗኗር፣ ሹመትና ሥርዐት እንደ ምን አድርጎ ለወጠው የሚለው ነው። የጀግናን ስም ማንሣት ተገቢ ነው፤ ጀግናው የተኰሰው ጥይት ከወዴት እንደ መጣ መመርመር ግን የነጻነትን ዋጋ ለማወቅ አብልጦ ይጠቅማልና፣ ነገሩን ከጥንት ጀምረን በየዘመኑ እንከተለዋለን።

ከ1521 እስከ 1763 ዓ.ም.፤ ነፍጥ በባሕር በር

በመጋቢት 1521 ዓ.ም. በሽምብራ ቁሬ ሜዳ የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር፣ በቍጥር እጅግ የሚበልጠውን የዐፄ ልብነ ድንግልን ሠራዊት ድል ባደረገ ጊዜ፣ የኢትዮጵያ ተዋጊ ከአባቶቹ የወረሰው መሣሪያ ጦር፣ ጋሻ፣ ሰይፍና ፈረስ ነበር። ይህ መሣሪያ የባለቤቱ ነው፤ ቢሰበር የአገሩ ቀጥቃጭ ያበጀዋል፣ ቢጠፋ ሌላ ይሠራለታል፤ ስለዚህ ጦረኛው ለሚይዘው ብረት የባዕድ ጥገኛ አልነበረም። ኢማሙ ግን ከኦቶማን ቱርኮች ጋር በባሕር ማዶ ግንኙነት ስለ ነበራቸው፣ በዘይላ በር ነፍጥና መድፍ አስገቡ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት አድባራቱና ገዳማቱ ሲቃጠሉ፣ ንጉሡም ከአምባ ወደ አምባ ሲሰደዱ ኖረው በደብረ ዳሞ ዐረፉ።

በ1533 ዓ.ም. ክሪስቶፎ ዳ ጋማ 400 ፖርቱጋሎችን ከነነፍጣቸው ይዞ በምጽዋ ሲገባ፣ ኢማሙም በበኩላቸው ወደ ቱርኮች ልከው 900 ያህል ነፍጠኛና 10 መድፍ ተቀበሉ፤ በዚህም ኀይል ዳ ጋማን ማርከው ገደሉት። ድሉ ካለቀላቸው በኋላ ግን አብዛኞቹን ቱርኮች አሰናብተው 200 ያህሉን ብቻ አስቀሩ፤ በየካቲት 1535 ዓ.ም. ዐፄ ገላውዴዎስ ከቀሩት ፖርቱጋሎች ጋር በወይና ደጋ በመጡባቸው ጊዜ ኢማሙ በነፍጥ ተመትተው ወደቁ፤ ሠራዊታቸውም በአንድ ቀን ተበተነ። የአገሬው ሕዝብ በዚያ ጦርነት እርስ በርሱ ሲተላለቅ የቈየው በሁለት የባሕር ማዶ መንግሥታት እሳት እንደ ሆነ፣ የማሸነፉም ተራ ማዶው በላከው መጠን ከወዲያ ወዲህ ሲገላበጥ እንደ ነበር ልብ ይሏል።

ከዚያም በኋላ ነፍጥ ብርቅ ሆኖ ኖረ። ባሩድ በአገር ውስጥ ይዘጋጃል፤ አፈሙዝ ግን በምጽዋ መንገድ ካልመጣ አይገኝም። ይህን አስቀድመው የተረዱት የትግሬው ራስ ሚካኤል ስሑል ነበሩ፤ የባሕሩን መንገድና የጨውን ግብር በእጃቸው ስላደረጉ ብዙ ነፍጥ አከማቹ፣ በዚህም ኀይል ጎንደር ገብተው በ1761 ዓ.ም. ዐፄ ኢዮአስን አስገደሉ፤ ከዚያ ወዲያ ዘውድ ሰጪና ዘውድ ነሺ ሆኑ። በ1763 ዓ.ም. በሰርባኩሳ የበጌምድርና የአምሐራ መኳንንት ተባብረው ድል ቢነሷቸውም፣ ነፍጥ ያለው ባላባት ነፍጥ ከሌለው ንጉሥ እንደሚበልጥ አንድ ጊዜ ታይቷል፤ ዘመነ መሳፍንትም በዚሁ ተጀመረ።

ከ1840 እስከ 1860 ዓ.ም.፤ የጋፋት እሳት

የቋራው ካሣ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት፣ የመሣሪያን ነገር የተማሩት በመሸነፍ ነው። በ1840 ዓ.ም. በሱዳን ወሰን አጠገብ ደባርቂ ላይ በግብፅ ጦር ላይ አደጋ በጣሉ ጊዜ፣ በቍጥር ጥቂት የነበረው ጠላት በምሽጉ ውስጥ ጸንቶ፣ በትእዛዝ እየተኰሰና በመድፍ እየደገፈ፣ በድፍረት የሚገሠግሠውን የካሣን ጭፍራ አረገፈው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ነገር በልባቸው ታተመ፤ አንደኛው መድፍ ነው፣ ሁለተኛውም ከመድፍ ይልቅ የሚከብደው፣ አንድ ሺህ ሰው እንደ አንድ ሰው የሚያንቀሳቅሰው ሥርዐት ነው።

በየካቲት 1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ ጭፍሮቻቸውን በአለቃ ከፍለው፣ ወታደር ገበሬን ዘርፎ መኖሩን አስቀርተው በደመወዝ ሊያኖሩት፣ መሣሪያውንም በመንግሥት ግምጃ ቤት ሊያስጠብቁ አሰቡ። ነገር ግን ደመወዝ ግብር ይፈልጋል፤ ግብር ጸጥታ ይፈልጋል፤ ጸጥታም መሣሪያ ይፈልጋል፤ መሣሪያ ደግሞ በቱርኮችና በግብፆች በተያዘው የባሕር በር ካልሆነ አይገባም። ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት በሚበቃ መሬት ላይ ልክ አደርጋለሁ ብለው ከካህናት ጋር የተጣሉትም ከዚህ ጭንቅ የተነሣ ነው።

ባሕሩ ቢዘጋ መድፉን እዚሁ እንሥራው ወደሚል ሐሳብ መጡ። ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የሰፈሩት ዋልድማየርንና ጓደኞቹን የመሰሉ ሚሲዮናውያን የመጡት ወንጌል ሊሰብኩ ሲሆን ጥበበ እድም ያውቁ ነበርና፣ ንጉሡ መድፍ እንዲያፈሱ አዘዟቸው፤ መድፍ አፍስሰው የማያውቁ መሆናቸውን ቢናገሩም አልተለቀቁም። መጀመሪያ የተሞከረው ከሸፈ፤ ደጋግመው ሞከሩ፤ እንደ ምንም ብለው ተሳካላቸውና በመጨረሻ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ወጣ። በጋፋት የነደደውን ያን እሳት የልጅ ቅዠት አድርገው የሚንቁ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ኢትዮጵያዊ ንጉሥ መሣሪያ መለመንንና መሣሪያ መሥራትን ለይቶ ያየበት የመጀመሪያው ሰዓት እርሱ ነው እላለሁ።

ልመናውም አልቀረም። በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ አጥቶ በመቅረቱ ቈንስሉን ካሜሮንንና ሌሎችን አውሮፓውያን አሰሩ፤ በኋላም በ1858 ዓ.ም. ፍላድ የሚባለውን ሚሲዮናዊ ወደ ሎንዶን ልከው የእጅ ጥበብ ዐዋቂዎችና መሣሪያ እንዲላክላቸው ጠየቁ። ጥበበኞቹ እስከ ምጽዋ ከደረሱ በኋላ እስረኞቹ ሳይፈቱ አይገቡም ተብለው ተመለሱ፤ በእነርሱ ፈንታ የጄኔራል ናፒየር ጦር መጣ።

በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ ሴባስቶፖልን በመቶ የሚቈጠር ሰው እየጎተተው፣ ገደሉን እየናዱና መንገድ እየቈረጡ፣ ራሳቸውም ድንጋይ እያነሡ ወደ መቅደላ ተጓዙ፤ የደረሱትም ከአምስት ወር በኋላ ነው። በዚሁ ጊዜ 13,000 ያህል የእንግሊዝና የህንድ ወታደር ዙላ ላይ ወርዶ፣ የባሕር መድረክና የባቡር ሐዲድ ሠርቶ፣ መድፉን በ44 ዝሆኖች አስጭኖ ይመጣ ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን፣ በዕለተ ስቅለት፣ የፊታውራሪ ገብርዬ ጦር ከመቅደላ ወደ አሮጌ ሜዳ ወርዶ ሲዋጋ፣ እንግሊዞቹ ከኋላው የሚጎረሰውን አዲሱን የሰናድር ጠመንጃ ይዘው ነበርና፣ የኛ ሰው አንድ ጊዜ ተኵሶ ባሩድ እስኪጠቀጥቅ እነርሱ ደጋግመው ይተኵሳሉ። ገብርዬና 700 ያህል ሰዎች ወደቁ፤ ከእንግሊዞች የቈሰሉት 20 ያህል ሲሆኑ፣ የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው። በሦስተኛው ቀን፣ በማዕዶት፣ ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ ሽጕጣቸው ዐረፉ። ያን ያህል የተደከመበት ሴባስቶፖል ለጦርነቱ ምንም ሳይረዳ ቀረ።

ከ1860 እስከ 1868 ዓ.ም.፤ ከጠላት እጅ

ናፒየር ሲመለስ፣ መንገድ ስለ ለቀቁለት ለደጃዝማች ካሣ ምርጫ 12 መድፍና ወደ 850 የሚደርስ ጠመንጃ ትቶላቸው ሄደ፤ ከጦሩ ጋር መጥቶ የነበረው ኪርክሃምም ጭፍሮቻቸውን ያሠለጥን ጀመር። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ከዐፄ ቴዎድሮስ በኋላ የነገሡት ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ እጅግ የሚበልጥ ሠራዊት ይዘው ዐድዋ አጠገብ አሰም ላይ ሲገጥሟቸው፣ ያ የጥቂት ሰዓት ተኵስ የዘውዱን ነገር ቈረጠው፤ ካሣም ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ።

የግብፁ ኬዲቭ እስማኤል ግን ሠራዊቱን በአሜሪካና በአውሮፓ መኰንኖች አደራጅቶ፣ ሬሚንግቶን ጠመንጃና ክሩፕ መድፍ አስታጥቆ፣ ኢትዮጵያን ለመውረር ላከ። በኅዳር 1868 ዓ.ም. ጉንደት ላይ አዛዡ አረንድሩፕ ከጦሩ ጋር ጠፋ፤ ከአራት ወር በኋላም የተላከው የሚበልጠው ጦር ጉራዕ ላይ ከምሽጉ ወጥቶ ሲዋጋ ተሰበረ። በሸለቆ ውስጥ የተከበበ ባለ ሬሚንግቶን፣ አገሩን በሚያውቅና ቀርቦ በሚመታ ጦረኛ ፊት እንደማይቆም የጉንደት ገደል አሳየ። ከድሉ በኋላ በሺህ የሚቈጠር ሬሚንግቶንና ብዙ መድፍ በዐፄ ዮሐንስና በጦር መሪያቸው በራስ አሉላ ሰዎች እጅ ገባ፤ የሰሜኑ ሠራዊት ለሚቀጥለው ዐሥር ዓመት የተዋጋው በአብዛኛው በዚህ ምርኮ ነው። ምርኮ ግን አንድ ጕድለት አለው፤ ጥይቱ ሲያልቅ ሌላ ምርኮ መጠበቅ ነው።

ከ1874 እስከ 1888 ዓ.ም.፤ የምኒልክ ግምጃ ቤት

ንጉሥ ምኒልክ ከዚህ ሁሉ የተለየ መንገድ ያዙ፤ ይኸውም መግዛት ነው። ሸዋ ከባሕር የራቀ ቢሆንም፣ በታጁራና በኦቦክ፣ በኋላም በጅቡቲ በኩል ከፈረንሳይ ነጋዴዎች ጋር ስለ ተዋወቁ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ዝባድና ቡና እየከፈሉ ጠመንጃ ያስገቡ ጀመር። የስዊሱ ተወላጅ አልፍሬድ ኢልግ በብዙ ነገር ረዳቸው፤ የታወቀው የፈረንሳይ ባለቅኔ አርቱር ራምቦ እንኳ በ1879 ዓ.ም. ጠመንጃ አስጭኖ በአፋር በረሃ አቋርጦ መጥቷል፤ ንጉሡም በዋጋ በርትተው ተከራክረውት ካሰበው በታች ሸጦ ሄደ።

ይህ ግዢ ሌላ ገጽ አለው፤ እርሱንም ማለፍ ለእውነት አይገባም። የዝሆን ጥርሱና ወርቁ በአብዛኛው የመጣው ከደቡብና ከምዕራብ ነው፤ በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጎጃምን ድል ካደረጉ በኋላ የጊቤ ማዶ አገሮች ለሸዋ ተከፈቱ፤ ጠመንጃው አገር ያስገብራል፣ የገበረው አገር የጠመንጃ ዋጋ ይከፍላል። በ1887 ዓ.ም. ወላይታ ላይ በጦርና በጋሻ ሲከላከል ያለቀው ሕዝብ ብዙ ነው። ለወታደሩም ደመወዝ በገንዘብ ስለማይገኝ ገባር ተከፈለለት፤ ገበሬው ለባለ ጠመንጃው ያርሳል፣ ይፈጫል፣ ይሸከማል። የመሣሪያው ብዛት እንዲህ አድርጎ ሠራዊቱን ብቻ ሳይሆን የአገሩን የመሬትና የማኅበር ሥርዐት በሙሉ ቀረጸ፤ የዚህም ሸክም እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ድረስ ከገበሬው ጫንቃ አልወረደም።

ኢጣሊያም በበኩልዋ መሣሪያን ለመግቢያ አሰበችው። በ1880 ዓ.ም. በመልእክተኛዋ በአንቶኔሊ በኩል 5,000 ሬሚንግቶን ልስጥህ፣ ከዮሐንስ ጋር ስዋጋ ዝም በል የሚል ውል አቀረበች፤ በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ሲፈረምና ደጃዝማች መኰንን ወደ ሮማ ሲሄዱም የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ተፈቀደ፤ ከዚህም ብዙው ለመሣሪያ ዋለ። በውሉ 17ኛ አንቀጽ የተሸሸገው የኢጣሊያ ሞግዚትነት በተገለጠ ጊዜ ግን ዐፄ ምኒልክ አልተቻኰሉም። ጥይት ይዞ የሚመጣ እጅ እስካለ ድረስ ተቀበሉ፤ በ1885 ዓ.ም. 2 ሚሊዮን ጥይት ከገባላቸው በኋላ ውሉን አፈረሱት፣ ብድሩንም ከፈሉ። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ከዐድዋው ጀግንነት እኩል ሊመሰገን ይገባዋል፤ ሰጪው የያዘውን ልጓም ከአንገታቸው አውልቀው መሣሪያውን ከእጃቸው ሳይለቁ አቆይተዋልና።

በዚያን ዘመን ጠመንጃ በአገሩ እንዴት እንደ ገባ ለማወቅ በገበያ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው የመገበያያ ገንዘብ ሆኖ እንደ ነበር ማስታወስ ይበቃል። ሰናድሩ፣ ሬሚንግቶኑ፣ ውጅግራው፣ ወጨፎው በአንድ ሠፈር ተደባልቆ ይገኛል፤ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም፤ ይህ ለግምጃ ቤት ሹም ትልቅ ጭንቀት ነበር። ቢሆንም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የተሰለፈው ወደ 100,000 የሚጠጋ ሠራዊት አብዛኛው ባለ ጠመንጃ ነበር፤ በበጅሮንድ ባልቻ የሚታዘዘው መድፈኛም ፈጥኖ የሚተኵሰውን የሆችኪስ መድፍ ይዟል። የኢጣሊያው አዛዥ የጄኔራል ባራቲዬሪ 17,000 የሚያልፍ ጦርና 56 መድፍ በተራራ መካከል ተለያይቶ ስለ ተገኘ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ተመታ፤ 56ቱም መድፍ ተማረከ።

ነገር ግን ያ ታላቅ ሠራዊት ስንቁን በራሱ ጀርባና በአህያ ተሸክሞ የመጣ ነውና፣ ከአንድ ቦታ ለብዙ ጊዜ ሊቀመጥ አይችልም ነበር። በዐድዋ ዋዜማ እህሉ እያለቀ መሄዱን ባራቲዬሪም ያውቅ ነበር። መሣሪያው የአውሮፓ ሲሆን ስንቁና አሰላለፉ የአባቶች ነበር፤ ይህ አለመመጣጠን በድል ቀን ተሸፈነ፤ ከ40 ዓመት በኋላ ግን ተገለጠ።

ከ1909 እስከ 1928 ዓ.ም.፤ ሰማይ ሲከፈት

ከዐድዋ በኋላ የአውሮፓ መንግሥታት በአንደኛው የዓለም ጦርነት መትረየስን፣ ታንክን፣ አይሮፕላንንና የመርዝ ጋዝን ሲፈትኑ፣ በኢትዮጵያ ጠመንጃው እዚያው በምኒልክ ዘመን እንደ ነበረ ቈየ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ይህን ስለ ተረዱ፣ በትሪፖሊ ከኢጣሊያ ጦር ጋር አገልግለው የተመለሱትን ይዘው ክብር ዘበኛን አቋቋሙ፤ በነሐሴ 1921 ዓ.ም. የመጀመሪያው አይሮፕላን፣ ፖቴዝ የሚባለው፣ አዲስ አበባ አረፈ፤ በ1922 ዓ.ም. የቤልጅግ መኰንኖች ክብር ዘበኛውን ሊያሠለጥኑ መጡ፤ በ1927 ዓ.ም. የሆለታ የጦር ትምህርት ቤት በስዊድኑ ሻምበል ቪኪንግ ታም ኀላፊነት ተከፈተ። ሁሉም ትክክል ነው፤ ሁሉም ዘግይቷል። የሆለታ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ጦርነቱ ደረሰ።

ከመዘግየቱም በላይ መግዛት ተከልክሎ ነበር። የጦር መሣሪያ ወደ አፍሪካ እንዳይገባ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተደረገው ስምምነት ኢትዮጵያን አሰራት፤ በ1922 ዓ.ም. መግዛት የሚፈቅድ ውል ቢፈረምም፣ ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. የወልወል ግጭት ከተነሣ በኋላ ኀያላኑ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ፋብሪካ ላላት ኢጣሊያ ይህ ምንም አይደለም፤ ፋብሪካ ለሌላት ኢትዮጵያ ግን የሞት ፍርድ ነበር። በእኔ አስተያየት በዚያ ዓመት በመንግሥታት ማኅበር አዳራሽ ከተነገረው ሁሉ ይልቅ ግፉን የሚመሰክረው ይህ ገለልተኛ የተባለ ክልከላ ነው።

በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ደምበጓና ላይ የኢጣሊያን ትናንሽ ታንኮች ከበበ፤ ወታደሮቹ ከኋላ እየወጡባቸው፣ ከአንገታቸው መዞር የማይችሉትን እነዚያን የብረት ቤቶች በሰይፍና በጠመንጃ አፈሙዝ እየደበደቡ፣ ብዙዎቹን ያዙ። የዐድዋው ልብ አልሞተም ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን በዚያው በተከዜ ዳርቻ ከአይሮፕላን የሚወርደው ይፐሪት የሚባለው መርዝ መጣ፤ ወታደሩ በሚጠጣው ውሃ፣ በሚረግጠው ሣር፣ በባዶ እግሩና በክንዱ ላይ እሳት ሆነበት። ኢጣሊያ በ1917 ዓ.ም. በጄኔቫ መርዝ አልጠቀምም ብላ የፈረመች ነች።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ክብር ዘበኛውን አሰልፈው ገጠሙ፤ ራሳቸውም መትረየስ ተኰሱ። ጠላት ግን የንጉሠ ነገሥቱን የሬዲዮ መልእክት እየጠለፈ ስለ ሰማ፣ የሚመጡበትን አስቀድሞ ዐውቆ ተዘጋጅቶ ነበር። ክብር ዘበኛው የተማረውን ያህል ተዋጋ፤ ሌላውም የለመደውን ያህል ተዋጋ፤ ሲመለሱም በአሸንጌ ሐይቅ ዳር ቦምብና መርዝ ወረደባቸው። የኢትዮጵያ አይሮፕላኖች በጠቅላላው ከዐሥራ ጥቂት የማይበልጡ ሲሆኑ ለውጊያ የሚሆኑ አልነበሩም። በሰማይ ላይ ሥልጣን የሌለው ሠራዊት በሜዳ ላይ ተሰብስቦ መዋጋት እንደማይችል በዚያ ቀን ተረጋገጠ። አርበኞቹ በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት በዱር በገደል ተበታትነው፣ ከጠላት በነጠቁት መሣሪያ የተዋጉት ይህ ስለ ገባቸው ነው።

ከ1933 እስከ 1966 ዓ.ም.፤ የርዳታ ዘመን

ከነጻነት በኋላ የመንግሥቱ አሳብ ከማይጨው የመጣ ነበር፤ አየር ኀይል መኖር አለበት። በ1928 ዓ.ም. ለቀይ መስቀል ቍስለኞችን በአይሮፕላን ያመላልስ የነበረው ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ተመልሶ መጣና፣ ቢሾፍቱ ላይ በሳብ አይሮፕላኖች ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን ማሠልጠን ጀመረ። በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ሄዶ፣ በአሜሪካ መሣሪያ ከአሜሪካ ሰባተኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰለፈ፤ ምርኮኛም ሳይሰጥ ተመለሰ።

በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የተፈረመው ውል ሠራዊቱን ከሥር እስከ ራሱ ለወጠው። አሜሪካ በአሥመራ የቃኘውን የሬዲዮ ጣቢያ ይዛ፣ በምትኩ ለሠራዊቱ መሣሪያና አሠልጣኝ ትሰጣለች፤ ታንክ፣ መድፍ፣ ከዚያም የሴበር ጄት፣ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ኤፍ 5 የሚባለው ጄት መጣ። የሐረር የጦር አካዳሚ በህንድ መምህራን ተከፈተ። ወታደር መሆን ዱሮ በጉልበትና በልብ ነበር፤ አሁን ግን ማንበብ፣ መቍጠር፣ ሥዕል አይቶ ሞተር መፍታት ሆነ። ባላባት ጭፍራ ይዞ የሚዘምትበት ዘመን አለቀ፤ ታንክ የሚያገኘው መንግሥት ብቻ ነውና።

መንግሥት ግን በገዛ ታንኩ ሊናወጥ እንደሚችል ቶሎ ታየ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት በሞከሩ ጊዜ፣ ነገሩን የቈረጡት የምድር ጦሩ ታንኮችና ከቢሾፍቱ የተነሡት ጄቶች ናቸው። በጥር 1966 ዓ.ም. በነጌሌ ቦረና የተጀመረው የወታደሮች አድማ ከጦር ሠፈር ወደ ጦር ሠፈር የተዛመተውም ለጦርነት በተዘረጋው የመገናኛ ሬዲዮ ነው። ደርግ የወጣው ከዚህ ትምህርት ካገኘ፣ ደመወዙ ግን ካነሰበት ሠራዊት መካከል ነው።

ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም.፤ ሁለት ሰጪዎች

ደርግ ሥልጣን ይዞ አብዮቱ ከአሜሪካ ጋር ከተጣላ በኋላ ርዳታው ተቋረጠ፤ በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ደርግ የቃኘውን ጣቢያ ዘጋ። ኢትዮጵያ ዋጋ የከፈለችበት ዕቃ እንኳ ተያዘ። በዚሁ ጊዜ የሶማልያ ሠራዊት፣ ወደ 250 የሚደርስ የሶቪየት ታንክና ሚግ ጄቶች ይዞ፣ በሐምሌ ወር ኦጋዴንን ወረረ። መሣሪያ ከአንድ መንግሥት ብቻ የሚቀበል ሠራዊት፣ ሰጪው እጁን ባነሣበት ቀን ምን እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

ቢሾፍቱ ግን ተስፋ አልቈረጠም። ጥቂቶቹ ኤፍ 5 ጄቶች ባለሙያዎቹ ከአንዱ ፈትተው ለሌላው እየገጠሙ ስላነሡዋቸው፣ አብራሪዎቹም በሚገባ የሠለጠኑ ስለ ነበሩ፣ ከሚጎቹ ጋር በሰማይ ተገናኝተው ድል አደረጓቸው። ብዙ ሚግ የጣለው አብራሪ ለገሠ ተፈራ በኋላ ተመትቶ ወደ 11 ዓመት በሶማልያ እስር ቤት ኖረ። በመሬት ላይ ግን ጅጅጋ በመስከረም 1970 ዓ.ም. ወደቀች፤ በታጠቅ ጦር ሠፈር የተሰበሰበው ገበሬ ሚሊሺያ በሺህ እየተጫነ ወደ ሐረርና ድሬዳዋ ተላከ። መለዋወጫ ከየትም ተፈለገ፤ እስራኤል መሣሪያ ትሰጥ እንደ ነበር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ሞሼ ዳያን በዚያው ዓመት በአደባባይ ተናግረዋል።

ሶቪየት ኅብረት ሁለቱንም ልታስታርቅ ሞክራ ሳይሆንላት ሲቀር ወደ ኢትዮጵያ አደላች፤ ሶማልያም የሶቪየት መኰንኖችን አስወጣች። ከኅዳር 1970 ዓ.ም. ጀምሮ ግዙፍ አይሮፕላኖች ታንክ፣ መድፍና ሮኬት ያወርዱ ጀመር፤ ዋጋው 1 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንደ ሆነ ይገመታል። ከ15,000 የማያንሱ የኩባ ወታደሮች መጡ፤ ሶቪየቱ ጄኔራል ፔትሮቭ የጦሩን ዕቅድ ረዳ። የካራማራን ጠባብ በር ፊት ለፊት ከመምታት ይልቅ፣ ሄሊኮፕተሮች ቀላል የብረት ለበስ ተሽከርካሪዎችን በተራራው ላይ አሻግረው ከጠላት ጀርባ አወረዱ፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ነጻ ወጣች። ከአሜሪካ ትምህርት ቤት የወጡት አብራሪዎች በዚህ ድል ቀን ከሶቪየት ታንኮች በላይ እየበረሩ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን የሠራዊቱ መሣሪያ፣ መጽሐፉና አማካሪው ሁሉ ወደ ሩስኛ ተመለሰ።

ከ1980 እስከ 1991 ዓ.ም.፤ የተወሰደና የተበተነ

የደርግ ሠራዊት ከሰሐራ በታች ካሉት ሁሉ ትልቁ ሆነ፤ ነገር ግን ታንክ ለሜዳ ጦርነት የተሠራ ሲሆን፣ በሰሜን ተራራ የሚጠብቀው ሌላ ዐይነት ጦርነት ነበር። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. አፍአበት ላይ የናደው እዝ በሦስት ቀን ሲፈርስ፣ ታንኩ፣ መድፉና የሮኬት መተኰሻው በኤርትራ ሕዝባዊ ሐርነት ግንባር እጅ ወደቀ፤ ከዚያ ወዲያ ሠራዊቱ የሚተኰስበት በራሱ ጥይት ሆነ። ሶቪየት ኅብረትም በራስዋ ጭንቀት ላይ ስለ ነበረች ርዳታዋን አሳነሰች። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡት የአማፅያኑ ታንኮች ብዙዎቹ ለደርግ የተላኩ ነበሩ።

ብረቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዛወር፣ ዕውቀቱ ግን ሊዛወር አልቻለም። በቢሾፍቱ፣ በሐረርና በባሕር ኀይሉ ከሠላሳ ዓመት በላይ የተከማቸው የአብራሪ፣ የመካኒክና የመኰንን ሙያ በአዲሱ መንግሥት አንድ ዐዋጅ ተበተነ፤ እጅግ ብዙ ወታደር በመንገድ ላይ ቀረ፤ ይህ ለአገር ትልቅ ጉዳት ነበር ብዬ አምናለሁ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ መንግሥት ከሩስያ ሱኮይ 27 ጄቶችን ገዛ፤ ኤርትራም ሚግ 29 ገዛች፤ በየካቲት 1991 ዓ.ም. ሁለቱ በአንድ አገር የተፈለሰፉ ጄቶች በባድመ ሰማይ ተዋጉ። ከሰባት ዓመት በፊት ከሥራ የተሰናበቱት፣ አንዳንዶቹም ታስረው የነበሩት አብራሪዎችና ባለሙያዎች በዚያ ጊዜ ከየቤታቸው ተፈልገው ወደ ቢሾፍቱ ተጠሩ።